የውስጠ መተግበሪያ ግዢ ምንድን ነው? ከኮዱ በፊት የሚታሰበው

ቲክቶክ ላይቭ ላይ አንበሳ ልኮ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በተግባር ያውቀዋል። አንበሳው በቀጥታ በገንዘብ አይገዛም። መጀመሪያ ሳንቲም ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ሳንቲሙ ስጦታ ይሆናል። ሳንቲሙን የገዛችሁት እዚያው ስልካችሁ ላይ ባለው አፕ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን መጀመሪያ የተቀበለው ቲክቶክ አይደለም፤ አፕል ወይም ጎግል ነው። ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን ያስተላልፋል። በድረ ገጹ ሲገዛ ሳንቲሙ የሚረክሰውም ለዚህ ነው።

የውስጠ መተግበሪያ ግዢ ማለት ይኸው ነው። ዴቨሎፐሮች ኢን-አፕ ፐርቼዝ ይሉታል። አፑ ከወረደ በኋላ፣ አፑ ውስጥ፣ በስቶሩ በኩል የሚሸጥ ዲጂታል ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። የጨዋታ ሳንቲም፣ የተቆለፈ ትምህርት፣ ማስታወቂያ የሚያጠፋ ክፍያ፣ ወርሃዊ ሰብስክሪፕሽን።

ራይድ ጠርታችሁ በቴሌብር ብትከፍሉስ? እሱ አይገባም። ታክሲ፣ ምግብ፣ ጫማ፣ የአውሮፕላን ትኬት ከስልኩ ውጭ የምታገኟቸው ነገሮች ናቸው። ለእነሱ አፕልም ጎግልም በራሳችሁ የክፍያ መንገድ አስከፍሉ ነው የሚሉት። ዕቃው ስልኩ ውስጥ የሚቀር ሲሆን ነው ሕጉ የሚገለበጠው። ቴሌግራም በ2024 ስታርስ የሚባለውን የራሱን ዲጂታል መገበያያ ያመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ቦቶችና ሚኒ አፖች ውስጥ የሚሸጥ ዲጂታል ነገር የስቶሮቹን ደንብ እንዲጠብቅ መላ መፈለግ ነበረበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩን የጀመረው አፕል ነው፣ በ2009። መጀመሪያ የተፈቀደው በክፍያ ለሚወርዱ አፖች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በነጻ ለሚወርዱትም ተከፈተ። «በነጻ አውርድ፣ ውስጥ ገብተህ ክፈል» የሚለው ገበያ የተወለደው ያኔ ነው። አንድሮይድ በ2011 ተከተለ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው ይህን የአንድ አዝራር ጉዳይ ያደርገዋል። አፑን ጨርሶ «ክፍያውን መጨረሻ ላይ እንከተዋለን» ይላል። እኔ አልስማማም። ኮዱ ትንሹ ክፍል ነው። ከባዱ ምን እንደምትሸጡ መወሰንና ማን ምን እንደገዛ ሳይሳሳቱ ማስታወስ ነው። አንዳንዱ ውሳኔ ደግሞ አንዴ ከተወሰነ አይመለስም።

አንድ አፕ እናስብ። ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ፊደል የሚያስተምር። ወላጆቹ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ፣ ስቶክሆልም ናቸው። ስልካቸው ላይ ካርዳቸው ተመዝግቧል፣ ልጁ «ሀ ሁ» እንዲል ይፈልጋሉ፣ ትንሽ መክፈል አይከብዳቸውም። ከሠላሳ ሦስቱ ረድፎች የመጀመሪያዎቹን 10፣ ከሀ እስከ በ ያሉትን፣ በነጻ እንስጥ። ቀሪዎቹ 23ቱ ይቆለፉ። ምን ዓይነት ሽያጭ ይሁን?

ስቶሮቹ ዕቃን በዓይነት ይከፍላሉ። አንደኛው የሚያልቅ ነው፤ እንደ ሞባይል ካርድ ትሞላላችሁ፣ ትጠቀማላችሁ፣ እንደገና ትገዛላችሁ። የቲክቶክ ሳንቲም እዚህ ነው። ሁለተኛው ቋሚ ነው፤ አንዴ ተገዝቶ ለዘላለም የገዢው ይሆናል። ሦስተኛው በራሱ የሚታደስ ሰብስክሪፕሽን ነው። አፕል ጋ በራሱ የማይታደስ አራተኛ ዓይነትም አለ፣ ብዙ አያስፈልጋችሁም።

ዛሬ ሁሉም ወደ ሰብስክሪፕሽን ይሮጣል። በየወሩ ገንዘብ መግባቱ ያጓጓል። ለፊደል አፓችን ግን ስህተት ይመስለኛል። ጎበዝ ልጅ ፊደሉን በጥቂት ወራት ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ወላጁ የሚከፍለው ረስቶት ነው። ሲያስታውስ ደግሞ ሰብስክሪፕሽኑን ብቻ አይደለም የሚሰርዘው፤ አንድ ኮከብ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ሰብስክሪፕሽን የሚያምረው በየወሩ አዲስ ነገር ሲኖር ነው፤ አዲስ ተረት፣ አዲስ መዝሙር፣ አዲስ ጨዋታ። ያንን በየወሩ የምታወጡበት አቅም ከሌላችሁ አንድ ቋሚ ዕቃ ሽጡ። ስሙም «ሙሉ ፊደል» ይሁን፣ አለቀ።

አፑ ሲሠራ ዕቃውን የሚጠራው በዚህ ስም አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ በላቲን ፊደልና በቁጥር የሚጻፍ መለያ አለው። ይህ መለያ የማይመለሰው ውሳኔ ነው። አንዴ ከተጠቀማችሁበት ዕቃውን ብትሰርዙት እንኳ ያንኑ መለያ ለሌላ ዕቃ መስጠት አትችሉም። ስለዚህ ዋጋውን መለያው ውስጥ አትክተቱ። ዛሬ 4.99 ብላችሁ የሰየማችሁት ዕቃ ነገ 6.99 ሲሆን መለያው ሲዋሽ ይኖራል። «ሙከራ1» ብላችሁም አትጀምሩ፣ ሙከራ1 እንደሆነ ዓመታት ይኖራልና። ዓይነቱም እንደዚሁ ነው። የሚያልቅ ብላችሁ የፈጠራችሁትን አፕል ጋ በኋላ ቋሚ ማድረግ የለም፤ አዲስ ዕቃ መፍጠር ነው።

የቤተሰብ ነገርም አለ። አፕል ቋሚ ዕቃና ሰብስክሪፕሽን በቤተሰብ መጋራት እንዲሠራ ይፈቅዳል። አንድ ወላጅ ከገዛ ሌሎች 5 የቤተሰብ አባላት ይጠቀማሉ። አንዴ ካበራችሁት ማጥፋት አይቻልም። ለጨዋታ ቢሆን አመነታ ነበር። ሦስት ልጆች በሦስት ታብሌት ለሚማሩበት ቤት ግን ያለማመንታት አበራዋለሁ። አንዲት እናት ያንኑ ፊደል ሦስት ጊዜ አትገዛም።

ዋጋው ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ለዓመታት የኖረው የኮሚሽን ስሌት 30 በመቶ ነው። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያገኙ ግን አፕልም ጎግልም በ2021 ወደ 15 በመቶ አውርደውታል። አብዛኞቻችን እዚህ ነን! በ4.99 ዶላር ብትሸጡ በ30 በመቶ 3.49 ይደርሳችኋል፣ በ15 በመቶ 4.24። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ ግን በራሱ አይመጣም። አፕል ጋ በትናንሽ ድርጅቶች ፕሮግራም መመዝገብ፣ ጎግል ጋም ቅጹን መሙላት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ 30 የሚከፍሉ ሰዎች አሉ።

አውሮፓ ሲገባ ስሌቱ ይለወጣል። እዚያ የሚታየው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል። ጀርመን ውስጥ በ4.99 ዩሮ ስትሸጡ መጀመሪያ 19 በመቶው ቫት ይወጣል፣ 4.19 ይቀራል። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ሲነሳ 3.56 ገደማ ይደርሳችኋል። ደግነቱ ቫቱን ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስገባው ስቶሩ ነው፤ እናንተ ከበርሊን ግብር ቢሮ ጋር አትጻጻፉም። ኮሚሽን ከምንከፍልባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፣ ሲያማርሩ የሚረሱት።

ደንቡ ግን እንደቆመ አይደለም። ከጨዋታ ሠሪው ድርጅት ከኤፒክ ጌምስ ጋር በተደረገው ክርክር የአሜሪካ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 አፕል ወደ ውጭ የክፍያ ገጽ የሚወስዱ ሊንኮችን እንዳይከለክል አዟል። አውሮፓ ኅብረትም በራሱ ሕግ በሩን ከፈት አድርጎታል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ ከስቶሮቹ ገጽ አንብቡ፤ የኔን ጽሑፍ ጨምሮ የቆየ ነገር ላይ አትመኩ።

ወረቀቱ ጋ እንምጣ። የዴቨሎፐር አካውንት አፕል ጋ በዓመት 99 ዶላር፣ ጎግል ጋ አንድ ጊዜ ብቻ 25 ዶላር ነው። ነጻ አፕ ለመጫን ይህ ይበቃል። ለመሸጥ ግን አይበቃም። የሽያጭ ስምምነት መፈረም፣ የባንክ ሂሳብ ማስገባት፣ የአሜሪካን የታክስ ቅጽ መሙላት አለ። አሜሪካዊ ያልሆነ ግለሰብ ደብሊው-8 ቤን የሚባለውን ይሞላል። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ከሆነ ከሁሉ በፊት አገራችሁ ሻጮች ከሚከፈልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መኖሯን ተመልከቱ። አፕ ማውጣት መቻልና አፕ ውስጥ መሸጥ መቻል የተለያዩ ናቸው። አካውንቱ ውጭ አገር ባለ ሸሪክ ስም ከሆነ ደግሞ ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉት። ስቶሩ የሚያውቀው የአካውንቱን ባለቤት ብቻ ነው፤ ብሩም የሚገባው እሱ ጋ ነው።

ይህ ወረቀት ካላለቀ አንድ የሚያሳብድ ነገር ይገጥማችኋል። ኮዱ ትክክል ነው፣ መለያው ትክክል ነው፣ አፑ የዕቃ ዝርዝር ሲጠይቅ ግን ባዶ ይመጣለታል። ስህተት አይልም፣ ዝም ብሎ ባዶ። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሲፈትሽ ያድራል፣ ችግሩ ግን ያልተፈረመ ስምምነት ነው። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ኮዱን በተመለከተ፣ ፍላተር (በአንድ ኮድ ለአይፎንም ለአንድሮይድም አፕ መሥሪያ) የምትጠቀሙ ሁለቱንም ስቶሮች በአንድ የሚይዝ ፕላግኢን፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ክፍል፣ አላችሁ። ሰርቨር መሥራት ያልፈለገ ደግሞ እንደ ሬቬኒውካት ያለ አገልግሎት ይጠቀማል። በየትኛውም ብትሄዱ ግን ጥቂት ነገሮች አይለወጡም።

ዋጋውን በእጃችሁ አትጻፉ። ስቶሩ ከሚልክላችሁ ላይ አሳዩ። ሪያድ ያለው በሪያል፣ ቴል አቪቭ ያለው በሸቀል ማየት አለበት። አዝራሩ ላይ 4.99 ዶላር ብላችሁ ከጻፋችሁና መክፈያው ላይ ሌላ ቁጥር ከወጣ ሰው ይሸሻል፣ እውነቱን ነው።

ግዢው ሲያልቅ ዕቃውን አስረክባችሁ ለስቶሩ መልስ ስጡ። ጎግል ጋ በ3 ቀን ውስጥ ግዢውን መቀበላችሁን ካላረጋገጣችሁ ገንዘቡ በራሱ ለገዢው ይመለሳል። የሸጣችሁ መስሏችሁ ሳትሸጡ ትቀራላችሁ። አፕል ጋም ያላለቀ ግዢ አፑ በተከፈተ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

ግዢ ሁልጊዜ ወዲያው አያልቅም። ልጁ በራሱ አይፓድ «ግዛ» ሲነካ ጥያቄው ወደ እናቱ ስልክ ሊሄድ ይችላል። እናቱ የምትፈቅደው ማታ ከሥራ ስትመለስ ነው። አፓችሁ ያኔ የሚመጣውን መልስ ካልጠበቀ እናት ትከፍላለች፣ ልጅ ቸ እና ነ እንደተቆለፉበት ያድራል።

ስልክ ለቀየረ ሰው «ግዢዬን መልስ» የሚል አዝራር አድርጉ። አፕል ለቋሚ ዕቃ ይህ ከሌለ አፑን ይመልሰዋል። ማን እንደገዛ ስልኩ ላይ ብቻ መመዝገብም አይበቃም። በተለይ ሰብስክሪፕሽን ከሆነ በራሳችሁ ሰርቨር ከስቶሩ ጋር አመሳክሩ። ገንዘብ የሚመለስለትን የሚወስነው አፕል ራሱ ነው፣ እናንተን አያስፈቅድም። ውሳኔውን ለሰርቨራችሁ ያሳውቃል፤ ካልሰማችሁ ገንዘቡን የወሰደው ሰው ዕቃውንም ይዞ ይቀራል።

አፓችን የልጆች ስለሆነ አንድ ተጨማሪ በር አለ። አፕል የልጆች ምድብ ውስጥ ከገባችሁ ግዢው ከወላጅ በር ጀርባ መሆን አለበት። ልጅ በቀላሉ የማይመልሰው ጥያቄ አዋቂነትን ያረጋግጣል። ይህ እንዲሁ የመጣ ጥንቃቄ አይደለም። በ2014 አፕል ልጆች ያለወላጅ ፈቃድ በገዙት ምክንያት ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል። በዚያው ዓመት ጎግልም 19 ሚሊዮን። ፊደል በምናስተምርበት አፕ ላይ ጥያቄው በአማርኛ ቢሆን ደስ ይላል፣ ግን አንዳንድ ወላጅ ራሱ አማርኛ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የማባዛት ጥያቄ ይሻላል።

ሙከራው በእውነተኛ ገንዘብ አይደለም። አፕል ሳንድቦክስ የሚለው ቦታ አለው፣ ጎግል ጋም የሞካሪዎችን ኢሜይል አስመዝግባችሁ በነጻ ትገዛላችሁ። ሰብስክሪፕሽን እዚያ በፍጥነት ይሮጣል፤ አፕል ጋ አንድ ወር 5 ደቂቃ፣ አንድ ዓመት 1 ሰዓት ነው። ስኬታማውን ግዢ ብቻ አትሞክሩ። መሃል ላይ ኢንተርኔት አጥፉ፣ ክፍያውን ሰርዙ፣ አፑን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ። የኢትዮጵያ ኔትወርክ ላይ የሚሞክር ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፣ መሃል ላይ መቋረጡን ማስመሰል አያስፈልገውም።

በመጨረሻ ስታስገቡ አፕል ጋ የመጀመሪያው ዕቃ ከአፑ አዲስ ቨርዥን ጋር አብሮ ነው የሚላከው። ዕቃውን ፈጥራችሁ፣ ስክሪንሾቱን አያይዛችሁ፣ ቨርዥኑ ገጽ ላይ መምረጡን ከረሳችሁ አፑ ብቻውን ይሄዳል፤ ገምጋሚው የማይሠራ የግዢ አዝራር ያገኝና ይመልስባችኋል። ለገምጋሚው በምትጽፉት ማስታወሻ ላይም የተቆለፈው ክፍል የት እንዳለና የወላጅ በሩ እንዴት እንደሚታለፍ ግለጹለት። ከ«ተ» ጀምሮ ያለው እንደተቆለፈ አማርኛ የማያነብ ሰው ከየት ያውቃል?