ይሄ ግምገማ አይደለም

የአሜሪካ ጦር ከልምምድም ከግዳጅም በኋላ ወታደሮቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ያወያያል። አሠራሩ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። ምን ልናደርግ አስበን ነበር? ምን ሆነ? ያሰብነውና የሆነው ለምን ተለያየ? በሚቀጥለው ምኑን እንያዝ፣ ምኑን እንቀይር? ስለዚህ ነገር ሳወራ ግን በየጊዜው የሚገጥሙኝ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ይሄማ ግምገማ ነው!»

እንዲህ የሚለኝን ሰው እረዳዋለሁ። በኢሕአዴግ ዘመን በመሥሪያ ቤትም በጦሩም ያለፈ ሰው ግምገማ ሲባል ልቡ ድንግጥ ይላል። ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ ከዚያ ደግሞ የሚከተለው ጣጣ። እዚያ የሚፈለገው ያጠፋው ሰው ነው። እዚህ የሚፈለገው የሆነው ነገር ነው። ለማንም ነጥብ አይሰጥም።

እንበል የሌሊት ልምምድ ከሽፏል። ሊነጋጋ ሲል ሁሉም አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ኮረብታውንና መንገዱን በእንጨት መሬት ላይ ይሥላል። አዛዡ ዝም ብሏል። የሬዲዮ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠራረገና «ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን አውቄ ነበር፤ ለመናገር ፈራሁ» አለ። በግምገማ ቢሆን ይህን የሆዱን በሆዱ ይዞ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ወዲያው የሚጠየቀው «ሁለተኛ እንዳትፈራ ምን እናድርግ?» ነው። ቡድን የሚጸናው እዚች ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አዛዥ ይናገር፣ ሌላው ይስማ»

በካሊፎርኒያ በረሃ ባለው የፎርት ኧርዊን ማሠልጠኛ ማን ማንን እንደመታ በእውነተኛ ጥይት ፋንታ በሌዘር ይታወቃል። ስለዚህ አዛዡም ስህተቱን በበታቾቹ ፊት ያያል። መጀመሪያ እሱ ከተናገረ ሌላው የሚለው ያንኑ ነው።

«ለእኛ ሰው አይሆንም»

የጦር ታሪክ ጸሐፊው ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከውጊያ የወጡ ወታደሮችን በቡድን አስቀምጦ ያነጋግር ነበር። አንዳንድ አሃዞቹ እስከ ዛሬ ያከራክራሉ። በኮሪያ ጦርነት ግን የኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃ ልጆች ያደረጉትን የሌሊት ቅኝት ከራሳቸው ሰምቶ ጽፏል። የእኛ ሰው የሚሰማው ካገኘ ይናገራል።

«ጓዱ የሞተበትን ወዲያው ማናገር ያድነዋል»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚያመዛዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ከአደጋ በኋላ ሰውን ለብቻው አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ ሁሉንም እንዲዘረግፍ ማድረግ ከጭንቀት ሕመም እንደማይከላከል አሳይቷል። እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከኢራቅ በተመለሱ ከ2,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ሌላ ዓይነት ውይይት ተሞከረ። ያዩትን መከራ በዝርዝር ከማስተረክ ይልቅ ወደ ቤት ሲመለሱ ምን እንደሚገጥማቸው የሚያነጋግር ነበር። ከወራት በኋላ ሲታይ፣ ከባድ ውጊያ ካዩት መካከል በዚህ ያለፉት የጭንቀት ሕመሙ ምልክት ቀሎላቸው ተገኘ።

ስለዚህ ዝም ማለት የፈለገ ዝም ይበል። ሻይ ይቀዳለት፣ ጓዶቹ አጠገቡ ይቀመጡ። ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ወይም መጠጥ ካበዛ፣ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። እዚያ ድረስ አብሮት የሚሄድ አንድ ጓድ ይመደብለት።