«የሚጨምረው ሦስት ወር ብቻ ነው»፦ በገፋ የጉበትና የኩላሊት ካንሰር ሕክምና ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደረጃው የገፋ የጉበት ወይም የኩላሊት ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤተሰቦች ወደ እኛ ክፍል ሲመጡ፣ ሕመምተኛው ገና ምርመራውን ሳይጨርስ አንድ ንግግር ይዘው ይመጣሉ፦ «መድኃኒቱ እኮ የሚጨምረው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ለሦስት ወር ብለን ለምን እናሠቃየዋለን?» በአሜሪካ በካንሰር ሕክምና ውስጥ የምሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ይህን ንግግር እዚህ ካሉ ሐበሻ ቤተሰቦችም፣ ከአዲስ አበባ ከሚደውሉልኝ ዘመዶችም እሰማለሁ፤ ሰልችቶኛል። ጥያቄ ሆኖ ቢመጣ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ፤ የሚመጣው ግን ያለቀ የደቀቀ ውሳኔ ሆኖ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ሁለት ቀላል ስሕተቶችን በአጭሩ ላንሣ። አንደኛው «ሁሉም ያው ኬሞ ነው» የሚለው ነው። ሶራፌኒብ፣ ሱኒቲኒብ፣ ሌንቫቲኒብና ካቦዛንቲኒብ በአፍ የሚወሰዱ፣ ዕጢው አዳዲስ ደም ሥሮችን እንዳያበቅልና ለማደግ የሚረዱትን ምልክቶች እንዳያገኝ የሚያግዱ ክኒኖች ናቸው፤ ኒቮሉማብ፣ ፔምብሮሊዙማብ፣ አቴዞሊዙማብና መሰሎቻቸው ደግሞ በደም ሥር የሚሰጡና የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዳያጠቃ የያዘውን እገዳ የሚያነሡ ናቸው። የተለመደው ኬሞ በእነዚህ ሁለት ካንሰሮች ላይ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ዘመዱ በኬሞ ሲሠቃይ ያየ ሰው እዚህ የሚፈራው ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው «ካንሰር መርፌ ወይም ቢላ ከነካው ይበተናል» የሚለው ነው። ናሙና ሲወሰድ የካንሰር ሴል በመርፌው መንገድ ላይ መቅረቱ በኩላሊት በጣም ብርቅ ነው፤ በጉበት በጥቂት ሰዎች ላይ ያጋጥማል፤ ሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት ጠባሳ፣ ባለበት ሰው ላይ ግን በሽታውን በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ብቻ ማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ስለሚቻል መርፌው ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

አሁን ወደ ሦስቱ ወር ልምጣ። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። ሶራፌኒብን ከባዶ ክኒን ጋር ያነጻጸረው ሻርፕ የተባለው ጥናት በ2008 ታትሞ ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የገፋ የጉበት ካንሰር ያለባቸው 602 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ መካከለኛው የሕይወት ቆይታ 10.7 ወር፣ ባልወሰዱት ዘንድ 7.9 ወር ሆነ። አንዱን ከሌላው የቀነሰ ሰው ሦስት ወር የማይሞላ ልዩነት ያገኛል፤ ከዚያም «ለአባቴ የሚጨምርለት ይህንኑ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው።

መካከለኛው ቆይታ ማለት ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ያረፉበት፣ ግማሾቹ ደግሞ ገና በሕይወት ያሉበት ወር ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ግማሾች ሌላ ስድስት ወር ይኑሩ ወይም ስድስት ዓመት፣ ይህ ቁጥር ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም። ልዩነቱም ለእያንዳንዱ ሰው እኩል እየተሰፈረ የሚታደል ራሽን አይደለም፤ አንዱ ከመድኃኒቱ ምንም ሳይጠቀም ይቀራል፣ ሌላው ማንም ያላሰበውን ዓመት ያገኛል። መድኃኒቱ የሠራውን ሥራ በተሻለ የሚያሳየው በጥናቱ ዘመን ሁሉ የሞት አደጋው ምን ያህል እንደ ቀነሰ ነው፤ እርሱም በሻርፕ 31 በመቶ ነበር። በዚያው ሰሞን በቻይና፣ በደቡብ ኮሪያና በታይዋን በ226 ሰዎች ላይ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት የሰጠው መካከለኛ ቆይታ 6.5 ወር ለ4.2 ወር ነበር። ይህን ያየ ሰው መድኃኒቱ በእስያ ደከመ ሊል ይችላል፤ የሞት አደጋው የቀነሰው ግን በ32 በመቶ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ የሠራው ሥራ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። የተለያዩት ሰዎቹ ናቸው፦ የእስያዎቹ ታካሚዎች በአብዛኛው ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውና በሽታቸው ይበልጥ የተሰራጨ ነበሩ።

ስለዚህ ወሩን የሚወስነው መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ወደ ሕክምናው የገባበት ሁኔታም ነው። በ2017 የታተመ፣ ግብፅንና ሌሎች ስምንት የአፍሪካ አገሮችን (ኢትዮጵያም አንዷ ናት) ያካተተ ጥናት የጉበት ካንሰር ታካሚዎች መካከለኛ ቆይታ በግብፅ 10.9 ወር፣ በሌሎቹ አገሮች ደግሞ 2.5 ወር መሆኑን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ሲያሳዝነኝ የሚኖረውም፣ ሰዎቹ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሕክምና ሊደረግላቸው በማይቻልበት ሰዓት መምጣታቸውን ስለሚናገር ነው። ካንሰሩ በጊዜ የተገኘለትና ጉበቱ ደህና የሆነ ኢትዮጵያዊ የዚህ ቁጥር ባለቤት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር መካከለኛው ቁጥር የሚደብቀው ጫፍ ነው። ሂማላያ በተባለው የጉበት ካንሰር ጥናት ዱርቫሉማብ ከአንድ ጊዜ የትሬሜሊሙማብ መጠን ጋር (ሁለቱም የሰውነት መከላከያን እገዳ ከሚያነሡት ወገን ናቸው) ተሰጥቶ ከሶራፌኒብ ጋር ተነጻጸረ። መካከለኛው ቆይታ 16.4 ወር ለ13.8 ወር ሆነ፤ እንደገና «ሦስት ወር እንኳ አይሞላም» ማለት ነው። በአምስት ዓመት ግን በሕይወት የነበሩት በመጀመሪያው ወገን 19.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 9.4 በመቶ ነበሩ። የገፋ የጉበት ካንሰር ይዞ አምስት ዓመት የሚቆየው ሰው ከአሥር አንድ ወደ አምስት አንድ ደረሰ ማለት ነው፤ ሁለቱን ወር በመቀነስ ብቻ ይህን ማየት አይቻልም። ልብ ያለው አንባቢ ሌላም ነገር ያስተውላል፦ ያው ሶራፌኒብ በ2008 ጥናት 10.7 ወር ሰጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ በዚህ ጥናት 13.8 ሰጠ። ክኒኑ አልተለወጠም፤ እርሱ ሥራውን ሲያቆም የሚሰጥ ሁለተኛና ሦስተኛ መድኃኒት ተገኘ፣ ታካሚ የመምረጥና የመንከባከብ ልምዱም አደገ። ስለዚህ ከአንዱ ጥናት አንድ ቁጥር፣ ከሌላው ጥናት ሌላ ቁጥር አንሥቶ መድኃኒቶችን ማወዳደርም ራሱን የቻለ ስሕተት ነው።

አንድ ወጣት ከኢንተርኔት ያተመውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ያሳየኝን አልረሳም። «10.7» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ከብቦታል፣ ከጎኑ የቀን አቆጣጠር ጽፏል። አባቱ አዲስ አበባ ናቸው፤ ለመድኃኒት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአውሮፕላን ቲኬት አድርጎ ሊሰናበታቸው ቆርጧል። የአባቱን የምርመራ ውጤት እንዲልክልኝ ጠየቅሁትና አነበብሁት፤ ወደ ሳንባ የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ነው። የከበበው ቁጥር ስለ ጉበት ካንሰር ነበር። ሶራፌኒብ በ2005 ለኩላሊት፣ በ2007 ለጉበት በአሜሪካ ስለ ተፈቀደ፣ የክኒኑን ስም ፈልጎ ያገኘውን የመጀመሪያ ቁጥር ወሰደ። አባትየው ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን ሕክምና ጀምረው፣ ልጁ ሲሄድ ያገኛቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ነው። መድኃኒት ሁሉንም እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ የእርሳቸው ዕድሜ ግን በሌላ በሽታ ቁጥር ተቆርጦ ነበር።

ሁለቱ ካንሰሮች በተመሳሳይ መድኃኒት ስለሚታከሙ ውጤታቸውም ተመሳሳይ ነው ብሎ ማሰብም ከዚሁ ይወለዳል። በኩላሊት ካንሰር፣ ኢንተርፌሮን የተባለው የቀድሞ መድኃኒት በሚሰጥበት ዘመን አንድ ዓመት ገደማ የነበረው መካከለኛ ቆይታ፣ አደጋቸው መካከለኛ ወይም ከፍተኛ የሆኑ ታካሚዎች ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ በአንድነት በወሰዱበት ጥናት ወደ 47 ወር ገደማ ደርሷል፤ ሱኒቲኒብ በወሰዱት ደግሞ 26 ወር ገደማ ነበር። የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው ግን በአብዛኛው ሁለት በሽታ ነው የሚታገለው፤ አንዱ ካንሰሩ፣ ሌላው ካንሰሩ የበቀለበት የተጎዳ ጉበት። ለዚህ ነው ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ቻይልድ ፒዩ በተባለው መለኪያ ቢሊሩቢንን፣ አልቡሚንን፣ የደም መርጋትን፣ የሆድ ውኃንና የአእምሮ መደንገዝን የሚመዝነው። ውጤቱ «ኤ»፣ ማለትም ጉበቱ ገና ደህና፣ ከሆነ የጠቀስኋቸው ጥናቶች ስለ እርሱ ይናገራሉ፤ «ሲ» ከሆነ ግን እነዚህ መድኃኒቶች በአብዛኛው ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳሉ፣ ያን ጊዜ ሕመምን ማስታገስና መንከባከብ ራሱ ትክክለኛው ሕክምና ነው። ቤተሰብ «ስንት ወር?» ከማለቱ በፊት «የጉበቱ ሁኔታ ኤ ነው፣ ቢ ነው ወይስ ሲ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። አቴዞሊዙማብ ከቤቫሲዙማብ ጋር ሊጀመር ከሆነ ደግሞ፣ ቤቫሲዙማብ ደም ሊያስፈስስ ስለሚችል፣ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥሮች አብጠው እንደሆነ አስቀድሞ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ፣ መታየት አለበት፤ «ያለ ነገር ያንገላቱናል» ብላችሁ ይህን ምርመራ አትዝለሉት።

«ኩላሊቱ ቀድሞ ካልወጣ መድኃኒቱ አይሠራም» የሚለውም ቀድሞ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር የተለመደ ነበር። በ2018 የታተመውና 450 ታካሚዎችን ያካተተው ካርሜና የተባለ ጥናት ግን ሱኒቲኒብን ብቻ የወሰዱት መካከለኛ ቆይታ 18.4 ወር፣ መጀመሪያ ኩላሊታቸው ወጥቶ ከዚያ ሱኒቲኒብ የወሰዱት ደግሞ 13.9 ወር መሆኑን አሳየ። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በሽታው ውስን ለሆነና አቅም ላለው ሰው ይጠቅማል፤ ለሁሉም የመጀመሪያ እርምጃ መሆኑ ግን ቀርቷል።

አንድ አዛውንት ሶራፌኒብ ጀምረው በሁለተኛው ወር በነጠላ ጫማ መጡ፤ ጫማ ለምን እንዳላደረጉ ስጠይቃቸው ካልሲያቸውን አወለቁ፤ ተረከዛቸው ተሰንጥቆ፣ የጣቶቻቸው ሥር ውኃ ቋጥሯል። ለሐኪሙ ያልነገሩት «መድኃኒቱን ይከለክሉኛል» ብለው ሰግተው ነው። ይህ የእጅና የእግር ቆዳ ጉዳት የታወቀ ነው፤ በጊዜ ከተነገረ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ለጥቂት ቀን ቆሞ እንደገና ይጀመራል፣ በዩሪያ የተሠራ ቅባትና ለስላሳ ጫማም ይረዳል። ሲደበቅ ግን ሰውየው ራሱ መቆም አቅቶት ክኒኑን ሁሉ ይተዋል። በደም ሥር የሚሰጡት ላይ ደግሞ ተቅማጥ፣ አዲስ ሳል፣ ሽፍታ ወይም ከመጠን ያለፈ ድካም ከሕክምናው ወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ «ብርድ ነው» ተብሎ ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ በዚያው ቀን ይደወል።

ጾምን በተመለከተ፣ ሶራፌኒብ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ በውኃ ብቻ ይወሰዳል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። የጠዋቱን ክኒን በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የሚዘልሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሕመምተኛ ከጾም ነጻ መሆኑን የንስሐ አባቶችም ሼኾችም ስለሚያውቁ ቀድማችሁ ጠይቋቸው። ጸበሉን እየጠጡ ክኒኑን መዋጥ ይቻላል፤ አንዱን ለሌላው ብሎ መተው ግን አያስፈልግም። «ቅጠሉ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም። መድኃኒቶቹም ቅጠሎቹም በዚያው በታመመው ጉበት ነው የሚያልፉት፤ የጉበት ምርመራው ሲበላሽ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል ሐኪሙ የሚያቆመው ካንሰሩን የያዘለትን መድኃኒት ይሆናል።

በመጨረሻም «አሁን ካንሰር ሆኗል፣ የሄፓታይተሱ ክኒን ምን ያደርጋል?» ብለው ቴኖፎቪርን ወይም ኤንቴካቪርን የሚያቆሙ አሉ። ቫይረሱ ሳይታፈን ከተተወ እንደገና ተቀስቅሶ ካንሰሩ ገና ያልነካውን የጉበት ክፍል ይጎዳል፤ በዚያም ሰውየው ከ«ኤ» ወደ «ቢ»፣ ከዚያም ወደ «ሲ» ወርዶ የካንሰር መድኃኒቱን የመውሰድ ዕድሉን ያጣል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይቀጥላሉ። የታማሚው ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆችም ለሄፓታይተስ ቢ ይመርመሩ፤ ክትባቱ በኢትዮጵያ በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር መሰጠት የጀመረው በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተወለዱት አብዛኞቹ አልተከተቡም።