ባሕር ዳርቻን ማን ያስተዳድር? ስለ ወሰንና ሥልጣን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የአገር ግዛት እስከ 200 የባሕር ማይል ይዘልቃል»

አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ1982 በጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ሉዓላዊነት እስከ 12 የባሕር ማይል ነው (አንዱ 1,852 ሜትር)። ከዚያ እስከ 200 ባለው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና አገሩ በዓሣው፣ በነዳጁና በማዕድኑ ላይ መብት አለው፤ መርከብ እንዳያልፍ መከልከል ግን አይችልም።

«ለአካባቢው አስተዳደር ከተተወ ዳርቻው ይጠበቃል»

አሸዋ የከተማ ወሰን አያውቅም። ሞገድ ዳርቻውን በሰያፍ ሲመታ አሸዋውን እያንሸራተተ ይወስደዋል። አንድ ከተማ ይህን ለማስቀረት ወደ ባሕሩ የድንጋይ ግንብ ሲዘረጋ አሸዋው ከግንቡ ወዲህ ይከማቻል፤ ከግንቡ ወዲያ ያለው ጎረቤት ግን የሚመጣለት ስለሚቋረጥ ዳርቻው ይበላል። እሱም በተራው ግንብ ይሠራል፤ ጣጣው ለሦስተኛው ይተርፋል። እንግሊዝና ዌልስ የዳርቻ ጥበቃ ዕቅዳቸውን በማዘጋጃ ቤት ወሰን ሳይሆን በአሸዋው ጉዞ፣ በ11 ዋና ዋና ክፍሎች የመሠረቱት ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ዕቅዱ በሕግ አስገዳጅ አይደለም፤ በዳርቻው ላይ ለሚሠራ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው ያው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ካርታው ሰፋ፣ ሥልጣኑ ግን ባለበት ቀረ።

«የዳርቻ ችግር ዳርቻው ላይ ይፈታል»

በግብፅ፣ በአባይ ደልታ (ወንዙ ባሕር በሚገባበት ደለላማ ምድር)፣ በራሺድ ከተማ በኩል፣ መሸርሸሩ ቀድሞ ቢጀምርም የባሰው እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ደለሉን ካስቀረ በኋላ ነው። እዚያ የተሠራው ግንብ ሞገዱን ይገታል እንጂ ደለል አያመጣም።

«ወሰኑን የሚያሰምረው ሳይንስ ነው»

ሳይንስ ያግዛል፤ የሚያሰምረው ግን ፖለቲካ ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ወረዳዎች የአውራጃውን ባሕር አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም እስከ 4 ማይል፣ ያስተዳድሩ ነበር። የ2014ቱ ሕግ ሥልጣኑን ወደ አውራጃ አዛወረው። ባሕሩም ዓሣውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ ነው።

በፊሊፒንስ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ባሕር (በዋናነት ለትንንሽ ዓሣ አጥማጆች የተከለለው) 15 ኪሎ ሜትር መሆኑ በሕግ ተጽፏል። ያከራከረው መነሻው ነው፦ ከዋናው ዳርቻ ይቆጠር ወይስ ከዳርቻው ወዲያ ርቆ ካለው ደሴት? ከደሴቱ ከተቆጠረ የትንንሽ ጀልባዎች ክልል ይሰፋል፣ ትልልቆቹ መርከቦች ይገፋሉ፤ ከዋናው ዳርቻ ከሆነ ተቃራኒው።