ናታሻ ትሬትዌይ፦ ሐውልት ላልቆመላቸው የምትጽፍ ገጣሚ

ናታሻ ትሬትዌይ አሜሪካዊት ገጣሚና የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። የተወለደችው ኤፕሪል 26 ቀን 1966 በሚሲሲፒ ግዛት በገልፍፖርት ከተማ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዕለቱ በግዛቲቱ የኮንፌዴሬሽን መታሰቢያ ቀን ነበር፤ ባርነት እንዳይቀርበት ከሰሜኑ ተገንጥሎ የተዋጋው የደቡብ ጦር የሚዘከርበት፣ ያውም መቶኛ ዓመቱ። የነጭ አባትና የጥቁር እናት ልጅ በዚያ ቀን በዚያ አገር መወለዷ አጋጣሚ ነው። እሷ ግን አጋጣሚውን እንደ ዋዛ አላለፈችውም።

አባቷ ኤሪክ ትሬትዌይ ከካናዳ የመጣ ገጣሚ ነበር፤ እናቷ ግዌንዶሊን ተርንቦ የገልፍፖርት ልጅ ናት። በ1965 ሊጋቡ ሲነሡ የሚሲሲፒ ሕግ የነጭና የጥቁር ጋብቻን ስለሚከለክል ኦሃዮ ሄደው ተጋብተው ተመለሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ክልከላ የሻረው በ1967 ነው። በልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእናትየው ዘር «ባለቀለም»፣ የአባትየው ደግሞ «ካናዳዊ» ተብሎ ተሞላ። ቅጹን የሞላው ሰው ነጭ ብሎ መጻፍ ከብዶት ይሆናል። እሷም ይህን የወላጆቿን ጉዞ በጋዛል ቅርጽ ጽፋዋለች፤ በየጥንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ የሚመለሰው ቃል «ሚሲሲፒ» ነው።

ከአያቷ ቤት ባሻገር ያለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የመራጮች ምዝገባ ካካሄደ በኋላ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሰዎች በአያቷ ግቢ መግቢያ ላይ መስቀል አቃጠሉ። ትሬትዌይ ያኔ ጨቅላ ነበረች፤ ነገሩን የምታውቀው ቤተሰቡ ደጋግሞ ሲያወራው እየሰማች አድጋ ነው። በኋላ ስትጽፈው ፓንቱም የሚባለውን ቅርጽ መረጠች። በፓንቱም የአንዱ አንጓ ሁለተኛና አራተኛ ስንኞች በሚቀጥለው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ሆነው ይመለሳሉ። ግጥሙም ቡና በተፈላ ቁጥር እንደሚነሣ የቤተሰብ ወሬ እየዞረ፣ በዞረ ቁጥርም ትንሽ እየተለወጠ ይሄዳል። ቅርጽን ለጌጥ እንደማትይዘው ለማየት ይህ አንዱ ግጥም ይበቃል።

ወላጆቿ የተለያዩት ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እናቷ ወደ አትላንታ ሄዳ ከቬትናም የተመለሰ ወታደር አገባች፤ ሰውየው ለዓመታት ደበደባት፣ በመጨረሻ ፈታችው። በጁን 1985 በሜሞሪያል ድራይቭ በነበረው አፓርታማዋ ገደላት። ናታሻ ያኔ የ19 ዓመት የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። አትላንታ ያለ ሐበሻ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ በክላርክስተን አቅራቢያ አልፎ የሚያደርሰው የኮንፌዴሬሽኑ መሪዎች ምስል በአለት ላይ ወደተቀረጸበት ወደ ስቶን ማውንቴን ነው። ለአሸናፊዎቻቸውም ለተሸናፊዎቻቸውም ድንጋይ የሚጠርብ አገር ውስጥ፣ የእናቷ መቃብር ለረጅም ዓመታት ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም።

ከጆርጂያ በኋላ አባቷ ያስተምርበት በነበረው በሆሊንስ፣ ከዚያም በአምኸርስት በሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማረች። የመጀመሪያ መጽሐፏ «ዶሜስቲክ ወርክ» (2000) በሰው ቤት ሠርተው፣ ልብስ ሰፍተው፣ ፋብሪካ ውለው ስለሚገቡ ጥቁር ሠራተኞች፣ በተለይም ስለ አያቷ ነው። ኬቭ ኬነም የተባለው የጥቁር ገጣሚያን ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ባዘጋጀው ሽልማት ገጣሚዋ ሪታ ዶቭ መርጣዋለች። ሁለተኛው «ቤሎክስ ኦፊሊያ» (2002) የተነሣው ፎቶግራፈሩ ኢ. ጄ. ቤሎክ በ1912 ገደማ በኒው ኦርሊንስ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ካነሣቸው ምስሎች ነው። ስሟ ያልተመዘገበ አንዲት ቀይ ሴት በደብዳቤ እንድትናገር ታደርጋለች፤ ስትታይ የኖረችው ሴት ቀስ በቀስ ራሷ ካሜራ መያዝ ትማራለች።

ስሟን ያስጠራው ግን በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘችበት «ኔቲቭ ጋርድ» (2006) ነው። ከገልፍፖርት ባሕር ዳርቻ ራቅ ብላ ሺፕ አይላንድ የምትባል ደሴት አለች። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ኔቲቭ ጋርድ የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ከባርነት ያመለጡ የሉዊዚያና ጥቁር ወታደሮች ለሰሜኑ ተሰልፈው እዚያ ባለው ምሽግ የደቡቡን ምርኮኞች ይጠብቁ ነበር። የትናንት ባሪያ የትናንት ጌታውን ዘብ ቆሞ ይጠብቃል። በምሽጉ መግቢያ ላይ የምርኮኞቹ ስም በነሐስ ተቀርጾ ተሰቅሎ ነበር፤ የጠባቂዎቹ አልነበረም። ትሬትዌይ በልጅነቷ ደሴቲቱን እየጎበኘች ያደገች ናት፤ ስለ ጥቁሮቹ ወታደሮች የሰማችው ግን ካደገች በኋላ ነው።

የመጽሐፉ እምብርት በአንድ ስሙ ባልተጠቀሰ ወታደር አንደበት የተጻፉ አሥር ሶኔቶች፣ ማለትም ባለ 14 ስንኝ ግጥሞች፣ ናቸው። ወታደሩ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል ማይሞቹ ምርኮኞች ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ያስጽፉታል። የራሱን ማስታወሻ የሚይዘው ደግሞ ከአንድ ነጭ ቤት በተወሰደ ደብተር ላይ ነው፤ ወረቀት ስለሌለ ባለቤቱ በጻፈው ላይ አግድም እየደረበ ይጽፋል። አንዱ ገጽ ሁለት ሰው የተጻፈበት ይሆናል። የእያንዳንዱ ሶኔት የመጨረሻ ስንኝ ጥቂት ተለውጦ የሚቀጥለውን ይከፍታል፤ እንዲህ እየተያያዘ የመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይዞራል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ለእናቷ የጻፈቻቸው የሙሾ ግጥሞች አሉ። «ሚዝ» በሚለው ገጣሚዋ እናቷን በሕልሟ ታገኛታለች፣ ስትነቃ ታጣታለች። ዘጠኝ ስንኝ ከወረደ በኋላ እነዚያው ዘጠኝ ስንኞች ከታች ወደ ላይ ተገልብጠው ይነበባሉ፤ አንባቢም ከሐዘኑ ወጣሁ ሲል ወደገባበት በር ይመለሳል። የወታደሮቹንና የእናቷን ግጥሞች በአንድ ጥራዝ ማኖሯ መጀመሪያ ላይ ግር ያሰኛል። ሁለቱም መቃብራቸው ምልክት የሌለው መሆኑን ያየ ግን ጥያቄ አይኖረውም።

«ትሮል» (2012) ወደ አባቷ ይዞራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሜክሲኮ የተሣሉትን፣ የክልስ ቤተሰቦችን በየዘራቸው የሚመድቡ ሥዕሎች እያየች፣ የሚወዳት ነጭ አባቷ ስለ ዘር የነበረውን አስተሳሰብ ትሞግታለች። አንዳንዶቹ ግጥሞች ሥዕሉን ማብራራት ይበዛባቸዋል፤ አባትና ልጅ የቶማስ ጀፈርሰንን መኖሪያ ሞንቲቸሎን ሲጎበኙ የሚያሳየው ግን ከምርጥ ሥራዎቿ አንዱ ነው።

በዚያው ዓመት 19ኛዋ የአሜሪካ ባለቅኔ ሎሬት ሆና ተሾመች፤ እስከ 2014 ሁለት ዙር አገልግላለች። ሹመቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጊዜ ገደብ የሚሰጠው ሥራ ነው፤ ብዙዎች ከየከተማቸው ሆነው ይሠሩታል። እሷ በ2013 መጀመሪያ ዋሽንግተን ገብታ በቤተ መጻሕፍቱ የግጥም ክፍል ቢሮ ይዛ ባለጉዳይ ታነጋግር ነበር። ከፒቢኤስ ቴሌቪዥን ጋር ባዘጋጀችው ተከታታይ ፕሮግራምም በብሩክሊን የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን፣ በዲትሮይት ተማሪዎችን፣ በሲያትል የታሰሩ ታዳጊዎችን ግጥም ሲሠሩ አሳይታለች።

መምህርነቷ ከድርሰቷ ጎን ለጎን የሄደ ነው። ከ2001 ጀምሮ በአትላንታው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ አስተምራ የፈጠራ ጽሑፍ ፕሮግራሙን መርታለች፤ በ2017 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ኤመሪ መግባቷ እናቷ ወደተገደለችበት ከተማ መመለስ ነበር። እዚያ ሳለች በግድያው ዕለት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ አግኝቷት የምርመራው መዝገብ ሊወገድ እንደሆነ ነገራት፤ መዝገቡም እጇ ገባ። ከዚህ የመጣው «ሜሞሪያል ድራይቭ» (2020) የዝርው ትዝታ ነው። እናቷ በእጇ የጻፈችውንና ለዐቃቤ ሕግ ሲባል የተቀዳውን የስልክ ንግግር እንዳለ አስገብታዋለች፤ ገጣሚዋ በእነዚያ ገጾች ላይ ምንም አትጨምርም።

እንግሊዝኛ የሚያነብና አዲስ የሚጀምራት ሰው በ«ኔቲቭ ጋርድ» ቢጀምር ይሻላል፤ መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። «ሜሞሪያል ድራይቭ»ን ከዚያ በኋላ ያነበበ በየግጥሙ ያለፈው ፍንጭ ከየት እንደመጣ ያገኘዋል። ከየመጽሐፉ የተውጣጡት ግጥሞች ደግሞ በ2018 በታተመው «ሞኑመንት» ውስጥ በአንድነት ይገኛሉ።