«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች»፦ ከማድቤት እስከ ኮሜዲ መድረክ

ይህ ተረት የሚወረወረው የገዛ ጓዳውን ትቶ የጎረቤቱን ለማቃናት በሚሮጥ ሰው ላይ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት መቅረቱን ያልሰማ አባት የዘመኑን ወጣት ሲያማርር፣ ከባሏ ጋር ከተኳረፈች ወር ያለፋት ሴት ሙሽራ ስትመክር ይተረትባቸዋል። የባልና ሚስትን ነገር የሚያወሩ ኮሜዲያን ደጋግመው የሚመለሱበትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የአነጋገሩ ግማሽ ያመልጠዋል። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ግድም ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት ይጣልና ውሃው እስኪመጥ ድረስ ይማሰላል። በርበሬ ከገባ ወዲያ ድስቱን ጥሎ መሄድ የለም። በርበሬው ውሃውን ጠጥቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ካልሰጡትና ማማሰያው እስከ ሥር ካልደረሰ ይይዛል፣ ከዚያም ያራል። ላዩ ግን አሁንም ቀይ ነው፣ ያምራል። አንዴ ካረረ ውሃ ቢጨምሩበት ምሬቱን አይለቅም። መላው ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጦ ከሥር የያዘውን ሳይፍቁ መተው ነው። ደንግጦ ከታች ጀምሮ የሚያማስል ሰው ያረረውን ለወጡ ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ብዙ ትዳርም በዚሁ መንገድ ነው የሚበላሸው።

ዋናው ነገር ግን ሽታው ነው። ወንጌል ላይ ያለው የጉድፍና የምሰሶ ምሳሌ ከዚህ ተረት ጋር አንድ ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል፤ አንድ አይደሉም። እዚያ ሰውየው በዓይኑ ያለውን ምሰሶ አያስተውልም። እዚህ ድስቱ ይሸታል፣ ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት ድረስ ይሸታል። ባለድስቷ «አላወቅሁም» ብላ ማምለጫ የላትም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ከሚለውም ይለያል፤ እዚያ ጥፋት ያለ ቦታው ይለጠፋል፣ እዚህ ግን ሴትየዋ ማንንም አልነካችም። እንዲያውም በጎ ሥራ ላይ ናት። የሰርግ ወይም የተስካር ሰታቴ ያለ ጎረቤት እጅ ተማስሎ አያውቅምና ተረቱ መረዳዳትን አይከለክልም። የሚጠይቀው የራስሽን ድስት ከእሳት አውርደሽ ነው ወይ የመጣሽው ብሎ ነው።

«የራሷ አሮባት» የሚሉም አሉ። ያ ፌዝ ነው፤ ወጡ አልቆለታል። «እያረረባት» ሲባል ግን ገና ነው፤ ሮጣ ብትመለስ ትደርሳለች። ኮሜዲያኑ የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ ታዳሚው «ኧረ ድስቱ!» ለማለት እየተቁነጠነጠ ሰውየው ምክሩን ይቀጥላል።

በድሮ ሰፈር የጋራ ማድቤት ውስጥ ሁለቱ ምድጃዎች ጎን ለጎን ስለሚሆኑ የራስን እየቃኙ የሰውን ማማሰል ይቻል ነበር። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በአራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግን የአንዷ ድስት አራተኛ ፎቅ፣ የሌላዋ ምድር ላይ ነው፤ በመካከሉ ሊፍት የሌለው ደረጃ አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ሳያጠፉ ቡና ለመጠጣት ጎረቤት ይወረዳል፤ መብራት ሲመጣ ድስቱ ብቻውን ይጣዳል። ማጥፋት ብቻም አይበቃም፣ የጋለው ምድጃ ቶሎ ስለማይበርድ ድስቱን ማውረድ ያስፈልጋል። ለዳርቻው ኗሪ ተረቱ በየሳምንቱ በቁሙ የሚፈጸም ነገር ነው።

ወደ መድረኩ ስንመጣ፣ እንደ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እንደ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ያሉ የኮሜዲ ጥንዶች አንድ ትልቅ ብልጫ ነበራቸው፤ በሁለት ሰው ቀልድ አንዱ ሲመክር ሌላው ገመናውን ያወጣበታል። ብቻውን የሚቆም ኮሜዲያን መካሪውንም ሽታውንም ራሱ መሸከም አለበት።

ለምሳሌ አንድ ባል ኮንዶሚኒየሙ ሥር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቷል እንበል። «ወንድሞቼ፣ ሚስት ስትደውል ሥራም ቢሆን አቋርጣችሁ አንሱ» ይላል። ስልኩ ይጮኻል፤ ይዘጋዋል። «ሴት ልጅ የምትፈልገው መደመጥ ነው» ይላል። ይጮኻል፤ ይዘጋዋል። ከተመልካቹ ጊፍት (የገንዘብ ስጦታ) ይዘንባል። በመጨረሻ ከሥር አንድ ጽሑፍ ይመጣል፦ «ዳይፐሩን ይዘህ ውጣ፣ ሁለት ሰዓት ሆነህ።»

ቀልዱ የሚቆመው ምክሩ እውነተኛና ጥሩ ከሆነ ነው። ምክሩ ቂልነት ከሆነ ሰውየው ተራ ጅል ይሆናል፣ ተረቱም ይጠፋል። ስልኩ ሁለቴ ይበቃል፤ ሦስተኛው ላይ ታዳሚው ቀድሞ ይደርስበታል። ሚስትየዋን ጨቅጫቃ ማድረግ ደግሞ ሳቁን ወደ እሷ ያዞረዋል፤ ባልየው ያመልጣል። ከሁሉ የከፋው ስህተት መጨረሻ ላይ ተረቱን ራሱን መናገር ነው። ሰው ራሱ በልቡ ሊለው የተዘጋጀውን ቀምቶ እንደ መንገር ነው፤ ጭብጨባ ቢገኝም ሳቅ አይገኝም።

ተረቱ በሴት ጾታ መነገሩ ድስቱ የሷ ብቻ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤቱ አባወራ አድርጎ ነበር፤ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ቤቱን መምራት የሁለቱም እኩል አደረገው። ድስቱም የሁለቱ ነው ማለት ነው። በኔ ግምት ዛሬ ላይ «የራሱ እያረረበት» የሚለው የተሻለ ያስቃል፣ ምክንያቱም ወንዱ ድስት እንዳለው ሲነገረው ገና ይደነግጣል።

በተራ ወሬ ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሌለ ሰው ላይ በሦስተኛ መደብ ሲነገር ሐሜት ቢሆንም ያስቃል። ፊት ለፊት «የራስሽ እያረረብሽ» ማለት ግን ጠብ መጫር ነው፤ በባልና ሚስት መካከል ከሆነ ሽማግሌ ሊያስጠራ ይችላል። ለአንቱታ ጨርሶ አይሆንም። «የራስዎ እያረረብዎ» ሲባል አክብሮቱ ራሱ ስድቡን ያከብደዋል። አንዳንዱ ብልህ ኮሜዲያን ይህንን ስለሚያውቅ አረፍተ ነገሩን ለምራት ሰጥቶ፣ አማቷ ፊት፣ ቡና እየቀዳች ያስጀምራትና «የራስዎ...» ላይ ስትደርስ በስኒው ኳኳታ ያስቆርጣታል።