«ግማሽ ግንባታ» ማለት ምን ማለት ነው?
ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዳር ባዶ የሊዝ ቦታ ሊገዙ ከሆነ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ቃል ይወቁ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቪላ ቤት ግማሽ ግንባታ ደረሰ የሚባለው መሠረቱ፣ ኮለኖቹ (ቋሚ ምሰሶዎቹ) እና ቶፕ ታይ ቢሙ (ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያያይዘው አግዳሚ) ሲያልቁ ነው። አጥር አይቆጠርም። በደሴ ተዳፋት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚበላው የአፈር መደገፊያ ግንብም ቢሆን ከሦስቱ አንዱ አይደለም።

እዚህ ደረጃ ሳይደርስ የሚሸጥ ሰው፣ ከውርስ በስተቀር፣ ሽያጩን በመንግሥት አካል ክትትል በግልጽ ማካሄድ አለበት። የሚቀርለት የከፈለው ሊዝ ከባንክ የተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የተረፈው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ይህን ለመሸሽ ሻጮች «በውክልና እንጨርስ» ይሉዎታል። እባክዎ አይስማሙ፤ ካርታው በሻጩ ስም ይቆያል፣ ሻጩ ከሞተም ውክልናው ያበቃል።