ፎቶ ላይ ተጠጋግተው ስለታዩ ጎረቤት አይደሉም፦ ስለ ሩቅ ጋላክሲዎች የሚወሩ ስህተቶች

ጄምስ ዌብ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳው ፎቶ በየስልኩ ከገባ ወዲህ እዚህ ባህር ዳር ጣና ዳር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ እንኳ ስለ ጋላክሲ፣ ማለትም ስለነዛ ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች፣ ይወራል፣ ደስ ይላል፣ ግን የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም፤ ልጆችም ይሄንኑ ይዘው ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ፎቶው ላይ ከተጠጋጉ ጎረቤት ናቸው»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፎቶ ርቀት አያሳይም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጠብጣቦች የአንዱ ብርሃን 3 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ፣ የሌላው 10 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ሊሆን ይችላል፣ በቃ አይገናኙም። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሬድሺፍት ይገምታሉ፣ ማለትም ብርሃኑ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ ከዛ ርቀታቸው የሚቀራረበውን ለይተው ጥንድ ጥንድ እያረጉ ይቆጥራሉ፣ ከዛ ደሞ ኮምፒዩተር ዝም ብሎ ከበተናቸው ነጥቦች ጋር ያወዳድሩታል። በአጭር ርቀት ከተበተነው የበለጠ ጥንድ ከተገኘ ያኔ ተሰባስበዋል ይባላል። ስለዚ መሰባሰብ የሺዎች ጋላክሲ ስታቲስቲክስ ነው፣ ሁለቱን አይቶ የሚባል ነገር አይደለም። ይሄን የያዘ ሰው ሌላው ይቀለዋል።

«ኢንፍራሬድ ስለሆነ ሙቀት ነው የሚያነሳው»
አይደለም። ለዚህ ቆጠራ በብዛት የሚጠቀሙበት ቅርብ ኢንፍራሬድ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት ከ1 እስከ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ። የሚደርሰን ከዋክብቱ ያወጡት ተራ ብርሃን ነው፣ ዩኒቨርስ ሲሰፋ አብሮ ተለጠጠ እንጂ። ሬድሺፍቱ 2 ከሆነ ሞገዱ 3 እጥፍ (1 ሲደመር 2) ይረዝማል፣ 0.7 ማይክሮን ሆኖ የወጣ ቀይ ብርሃን 2.1 ሆኖ ይመጣል። በሚታይ ብርሃን ብቻ ብንፈልግ ያረጁ ከዋክብት የሞሉባቸው ግዙፍ ጋላክሲዎች ብዙዎቹ ያመልጡን ነበር።

«ሰማዩን በሙሉ አንስተውታል»
ኧረ በጭራሽ። ሃዋይ ማውና ኬያ ላይ ባለ ባለ 3.8 ሜትር ቴሌስኮፕ ከ2005 ጀምሮ ለዓመታት የተነሳው አልትራ ዲፕ ሰርቬይ የሚባለው የሰማይ ቅኝት የሚሸፍነው 0.8 ስኩዌር ዲግሪ ገደማ ነው፣ አራት ሙሉ ጨረቃ ያህል። ቺሊ ያለው ቪስታ የሚባል ቴሌስኮፕ ደሞ እንዲህ በጥልቀት ካነሳቸው አንዱ ኮስሞስ የሚባለው የሰማይ ቦታ ነው፣ እሱም ሁለት ስኩዌር ዲግሪ አይሞላም። የሚገርመው ኮስሞስ እኛ ጋ ሚያዝያ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ከጣና በላይ አናታችን ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይም። ቦታው ትንሽ ስለሆነ አንዱ ጥግ በአጋጣሚ የታጨቀ ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ነው የተለያየ ቦታ አንስተው የሚያመሳክሩት።

«ድሮ ተበታትነው ነበር፣ ኋላ ነው የተሰባሰቡት»
ይሄ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚሳሳትበት። ቁስ በመጀመሪያ እኩል ተሰራጭቶ ነበር፣ ቢግ ባንግ ካለፈ ከ380,000 ዓመት ገደማ በኋላ ልዩነቱ ከ100,000 አንድ ያህል ብቻ ነበር። ጋላክሲ ግን የትም አይወለድም፣ ዳርክ ማተር፣ ማለትም በስበቱ ብቻ የሚታወቀው የማይታይ ቁስ፣ በተከማቸበት ነው የሚወለደው። የጣና ደሴቶችን አስቡ፣ ከውሃው በላይ የሚታየው መሬቱ ከፍ ያለበት ብቻ ነው፣ ሰፊ ከፍታ ባለበት ደሞ ጫፎቹ ቡድን ቡድን ሆነው ይወጣሉ፤ ውሃው በጨመረ ቁጥር የሚቀሩት ጥቂት ይሆናሉ፣ እነሱም ይበልጥ የተሰባሰቡ። ያረጁ ከዋክብት የሞሉባቸው ግዙፎቹ ቀያይ ጋላክሲዎች እነዛ የመጨረሻዎቹ ጫፎች ናቸው። ብርሃናቸው 10 ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ የደረሰን እንኳ ከተራዎቹ ጋላክሲዎች ይበልጥ የተሰባሰቡ ሆነው ነው የሚገኙት፣ ከመሰባሰባቸው ብርታት ተነስቶም በዙሪያቸው ያለው የማይታይ ዳርክ ማተር ስንት ትሪሊዮን ፀሐይ እንደሚመዝን ይሰላል። ለኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፣ የማይታይን ነገር ጎረቤት በመቁጠር መመዘን!

«መሃል ያለ ብላክ ሆል ነው የሚሰበስባቸው»
ብላክ ሆል ከጠቅላላው አንፃር ኢምንት ነው። ከቁሱ ከ6 እጅ 5ቱ ገደማ ዳርክ ማተር ነው፣ ስበቱ የሱ ነው።

«ዩኒቨርስ ስለሚሰፋ የተሰባሰቡትም ይበተናሉ»
የሚራራቀው ስበት አንድ ላይ ያላሰረው ነው። የታሰረው አይሰፋም፣ ጎረቤታችን ጋላክሲ አንድሮሜዳ እንደውም በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደኛ እየመጣ ነው።